«አፌ ላይ አለ!»፦ ስለ ጆሮ፣ ስለ ቋንቋና ስለ ትዝታ ፍንጮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምንሰማውን፣ የምንማረውንና የምናስታውሰውን በምን ምልክት እንደምንይዘው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት እነዚህን ነው፤ ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው ይሄዳሉ፣ የጥናቶቹ ዓመታትም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ፍንጭ» ስትል ምን ማለትህ ነው?

ከጎረቤት ሙቀጫ ሲወቀጥ ይሰማል። «ቡና ሊፈላ ነው» እንላለን። ቡናውን ግን አላየነውም፣ ማንም አልነገረንም። ያገኘነው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ የቀረውን የሞላነው እኛ ነን። ፍንጭ የምለው ይህንን ቁራጭ ነው።

ንግግር ስንሰማ የድምፁ ርዝመት፣ ከአፍ የሚወጣው ትንፋሽ፣ የከንፈር እንቅስቃሴ፣ የወሬው ርዕስ ሁሉ ፍንጭ ነው። ስናስታውስ ደግሞ ሽታ፣ ቦታ፣ ዜማ ወይም የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ፍንጭ ይሆናል። አንዱም ለብቻው መቶ በመቶ አይታመንም። አእምሮ እንደ ጥሩ ሽማግሌ ነው፤ ምስክሮቹን ሁሉ ይሰማል፣ ለሁሉም ግን እኩል ክብደት አይሰጥም። ከታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው «ለየትኛው ምስክር ነው ያደላው?» የሚል ላይ ያርፋሉ።

ስልክ ላይ ኢሜይል ስናስጽፍ «ኤፍ» እና «ኤስ» ለምን ይምታታሉ?

የተለመደው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) ያለውን ድምፅ ነው። «ስ»ን ከ«ፍ» የሚለየው የፉጨት ድምፅ ደግሞ አብዛኛው ከዚያ በላይ ነው ያለው። መስመሩ ፍንጩን ቆርጦ ያስቀረዋል እንጂ ጆሯችን ምንም አልሆነም።

ታዲያ ቀኑን ሙሉ በስልክ ስናወራ ለምን አይቸግረንም? «ሰኞ እንገናኝ» ስንባል «ፈኞ» የሚባል ቀን ስለሌለ ነው። አንዱ ፍንጭ ሲጠፋ ሌላው ይተካዋል። ኢሜይል አድራሻ ላይ ግን የሚተካ የለም፤ «ኤፍ እንደ ፋሲል» ማለት የግድ ይሆናል። በኢንተርኔት የሚደረጉ ጥሪዎች ሰፋ ያለ ድምፅ ስለሚያሳልፉ ግርታው ቀነስ ይላል።

መነጽሬን ካላደረግኩ በደንብ አልሰማም። ይሄ ቀልድ ነው?

አይደለም። በ1954 ሰምቢና ፖላክ የተባሉ ተመራማሪዎች ጫጫታ ውስጥ የተናጋሪውን ፊት ማየት መስማትን እንደሚያግዝ አሳይተዋል። ጫጫታው በባሰ ቁጥር የፊቱ ጥቅም ይጨምራል። በኮሮና ጊዜ ማስክ ያደረገ ሰው ሲያናግረን «እ?» ያበዛነው ድምፁ ስለታፈነ ብቻ አልነበረም። ከንፈሩም ተሸፍኖብን ነው።

በ1976 ደግሞ ሃሪ ማክገርክና ጆን ማክዶናልድ የባሰ ነገር አሳዩ። ድምፁ «ባ» ይላል፣ በቪዲዮው ላይ ያለው አፍ ግን የሚለው «ጋ» ነው። ብዙ አዋቂዎች የሰሙት «ዳ» ነበር። ማንም ያላለውን ድምፅ ማለት ነው! ዓይን ሲጨፈን «ባ» ተመልሶ ይመጣል፤ ሲገለጥ እንደገና «ዳ»። ነገሩን አስቀድሞ ማወቅ አያድንም። እኔ ስንት ጊዜ እንደሞከርኩት አላውቅም፣ ዛሬም ይሸውደኛል።

ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ ስናይም ዓይናችን እየሠራ ነው። አብዛኛውን ድምፅ ይቅር እንላለን። ከንፈር መግጠም ያለበት «ም» ወይም «ብ» በተከፈተ አፍ ሲወጣ ግን ወዲያው ይቆረቁረናል።

ጫጫታ መሃል ስሜ ሲጠራ ለምን ጆሮዬ ይቆማል?

ሁልጊዜ አይቆምም። በ1953 ኮሊን ቼሪ በሁለቱ ጆሮ ሁለት የተለያየ ንግግር እያሰማ ሰዎች አንዱን ብቻ እንዲከተሉ አደረገ። ስለ ሌላው ሲጠየቁ ከሞላ ጎደል ባዶ ነበሩ። በ1959 ኔቪል ሞሬይ በተዘነጋው ጆሮ በኩል የሰውየውን ስም ጣል አደረገበት። የሰሙት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ናቸው። «ጠርቼሽ ዘጋሽኝ» ብላ የተቀየመች ጓደኛ ካለች ይህን ንገሯት።

ጡሩምባ የዋጠውን ቃል እንዴት ነው «የሰማሁት»?

በ1970 ሪቻርድ ዋረን ከአንድ የተቀዳ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንዲት «ስ» ቆርጦ አወጣና በቦታዋ ሳል ለጠፈ። ሰሚዎቹ ሁሉም ማለት ይቻላል የጎደለ ነገር አልታወቃቸውም። ሳሉ የቱ ጋ እንደነበረ እንኳ በትክክል ማሳየት አቃታቸው። በሳሉ ፋንታ ዝምታ ሲተው ግን ክፍተቱ ተሰማ። ሳል ካለ «ከሳሉ ጀርባ ድምፅ ነበረ» ብሎ መገመት ያስኬዳል። ከዝምታ ጀርባ ግን ምን አለ?

የሚኒባስ ረዳት «ሜክሲኮ» ሲል አንዳንዴ ከአፉ የሚወጣው «ስኮ፣ ስኮ፣ ስኮ» ብቻ ነው። በየቀኑ ለሚሳፈረው ሰው ሙሉ ቃል ነው። ቦታው፣ መስመሩ፣ ሰዓቱ፣ የተሰለፈው ሰው ሁሉ «ሜክ»ን ሞልቶለታል። ለእንግዳ ሰው ግን ቋንቋም አይመስለውም።

አማርኛ ሲጻፍ መጥበቅና መላላት አይታይም። ታዲያ እንዴት እንግባባለን?

እስቲ «አለ»ን፣ «ገና»ን እና «ዋና»ን እንያቸው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፤ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም፤ ሲጠብቅ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የሚመጣው በዓል ነው። «ዋና» ሲላላ ውሃ ውስጥ የሚደረገው፣ ሲጠብቅ ትልቁ ጉዳይ። ስናወራ የሚለያቸው የጊዜ ፍንጭ ነው፤ የጠበቀው ድምፅ ረዘም ብሎ ይያዛል። ስንጽፍ ግን ያ ፍንጭ ከነጭራሹ ይጠፋል። ፊደላችን አናባቢን በሰባት መልክ ለይቶ ያሳያል፤ ስለ መጥበቅ ግን ትንፍሽ አይልም።

አንባቢው የጠፋውን ከቀሪው ዓረፍተ ነገር ይመልሰዋል። «ገና አልመጣም» እና «ለገና እመጣለሁ» ላይ ማንም አይሳሳትም። ጣጣው ጽሑፉ ሲያጥር ነው። አንድ ቀን ወንድሜ የአክስታችንን ልጅ ከአውቶቡስ ተራ ተቀብሎ ወደ ቤት እያመጣው ነበር። «ምሳ ላቆይ?» ብዬ ቴክስት አደረግኩለት። «አልበላም» ብሎ መለሰ። እኔ «ላ»ን አላልቼ አነበብኩት፤ እኔ አልፈልግም አለ ብዬ ያለውን ጠራርጌ በላሁ። እሱ ግን አጥብቆ ነበር የጻፈው፤ ልጁ አልበላም፣ ርቦታል ማለቱ ነው። ሲደርሱ ሰሃኑ ላይ የቀረው የእንጀራ ጠርዝ ነበር። እስከ ዛሬ ይነሳብኛል።

ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አድርገው ነበር። ልማዱ አልተስፋፋም። ለእኔ ምክንያቱ የሚመስለኝ አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው ነጥቡ ብዙም የማያስፈልገው መሆኑ ነው። የሚያስፈልገው ተማሪው ነው፤ ተማሪው ደግሞ ጋዜጣ አያሳትምም። ሰምና ወርቅ የሚባለው ጨዋታም አንዱ መክበሪያው ይኸው አንድ ቃል በሁለት መልክ መነበቡ ነው።

ሕፃን ልጅ ቃል የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በምን ያውቃል?

ስናወራ በቃላት መሃል የምንተወው ክፍት ቦታ የለም። ክፍት ቦታው ያለው ጽሑፍ ላይ ነው። ሕፃኑ የሚሰማው «የኔቆንጆልጅ» የሚል አንድ ረጅም ገመድ ነው። ግን «ቆን» ከተባለ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚከተለው «ጆ» ነው። ከ«ጆ» በኋላ ግን «ልጅ»ም፣ «ቤት»ም፣ «ነው»ም ሊመጣ ይችላል። ቀጣዩ ድምፅ በቀላሉ የሚገመትበት ቦታ የቃል ውስጥ ነው፤ መገመት የሚያቅትበት ደግሞ የቃል ዳር።

በ1996 ጄኒ ሳፍራን፣ ሪቻርድ አስሊንና ኤሊሳ ኒውፖርት ይህንን በ8 ወር ሕፃናት ሞከሩት። እንደ «ቢዳኩ» እና «ፓዶቲ» ያሉ የፈጠራ ቃላትን ያለ እረፍትና ያለ ዜማ በማሽን ድምፅ አሰሟቸው። ለሁለት ደቂቃ ብቻ። ከዚያ በኋላ ሕፃናቱ ቃል የሆነውንና ቃል ያልሆነውን ድርድር ለይተው አዳመጡ። ገና «እማዬ» ያላለ ልጅ ሂሳብ እየሠራ ነው ማለት ነው።

ልጄ የተወለደው ውጭ አገር ነው። የአማርኛ ካርቱን ቢያይ አይበቃውም?

ለጨቅላ ልጅ አይበቃም። በ2003 ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛው መልስ ነው። የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ከማንዳሪን ቻይንኛ ተናጋሪዎች ጋር ለ12 ጊዜ ተጫወቱ። የቻይንኛውን ድምፅ መለየት ቻሉ። ሌሎቹ ሕፃናት ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ሰዓት ያህል በቪዲዮ አዩ፤ ምንም አልያዙም። ቪዲዮው ድምፁ ነበረው። ያልነበረው ዓይኑን ተከትሎ አሻንጉሊቱን የሚያነሳ፣ ሲስቅ አብሮት የሚስቅ ሰው ነው።

ታዲያ አዲስ አበባ ያለች አያት በስልክ ስትመጣስ? እዚህ ላይ ዜናው ደስ ይላል። በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ከ24 እስከ 30 ወር ያሉ ልጆች በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ አዲስ ግሥ መማር እንደሚችሉ አሳይቷል፤ ልክ ፊት ለፊት እንደተቀመጠ ሰው። ቀድሞ ከተቀዳ ቪዲዮ ግን አልተማሩም። ልዩነቱ መልስ መኖሩ ነው። ስለዚህ አያት ስትደውል ስልኩን እናትና አባት አይያዙባት። «ይሄ ምንድን ነው?» ትበለው፣ እሱም ድመቱን ጎትቶ ያሳያት። ካርቱኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

«ፖሊስ» ለምን «ቦሊስ» ይሆናል? ጥፋቱ የጆሮ ነው የምላስ?

የልማድ ነው። አማርኛ ውስጥ «ፐ» በውሰት ቃላት የገባ ስለሆነ ብዙ አያቶቻችን «ባስታ» ብለው ነው የበሉት። ገልፍ አገር የሠራችም ሴት «ቢብሲ» ሲባል ሰምታለች፤ ዓረብኛም «ፐ» የለውም። የ«በ» እና የ«ፐ» ልዩነት በአብዛኛው የጊዜ ጉዳይ ነው፦ ከንፈር ከተከፈተ በኋላ ጉሮሮ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ስንት ይቆያል? በእንግሊዝኛ ድንበሩ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ቀጭን ወረቀት ከንፈር ፊት ይዛችሁ እንግሊዞች «ፔን» እንደሚሉት በሉ፤ ወረቀቱ ይርገበገባል። «ቤት» በሉ፤ አይነቃነቅም።

ሕፃናት ይህን ልዩነት ይሰሙታል። በ1971 ፒተር አይማስና ባልደረቦቹ የ1 ወርና የ4 ወር ሕፃናት «ባ»ን ከ«ፓ» እንደሚለዩ አሳዩ። በ1984 ደግሞ ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ በቤታቸው የማይነገሩ የባዕድ ድምፆችን የሚለዩ ሕፃናት አንድ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ችሎታው እንደሚደክም አገኙ። ጆሮው አልተበላሸም። አእምሮ «ይህ ፍንጭ በዚህ ቤት አይጠቅምም» ብሎ ችላ አለው እንጂ።

የራሳችንን ጓዳ ብናይ ደግሞ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» አሉን። ፊደሉ አለን፣ ድምፁ የለንም። ትግርኛ ተናጋሪው «ሐ»ን እና «ዐ»ን ከጉሮሮው አውጥቶ ይላቸዋል፤ አማርኛ ተናጋሪው ሊማር ሲል ሁለቱን እንደ «ሀ» እና «አ» ይሰማቸዋል። የኔታዎች መፍትሔውን ቀድመው ነው ያገኙት። ድምፅ መለየት ሲያቅተው ለየፊደሉ ሌላ ፍንጭ ሰጡት፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ።

አዋቂ ሰው ጆሮውን እንደገና ማሠልጠን ይችላል?

ይችላል፣ ግን ድምፅ ከፍ በማድረግ አይደለም። የታወቀው ምሳሌ የጃፓናውያን ነው። የእንግሊዝኛውን «ር» እና «ል» መለየት ይቸግራቸዋል። በ2003 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ጃፓናዊው ሰሚ የሚያደምጠው ሌላ ቦታ ነው፤ ልዩነቱ ካለበት የድምፅ ክፍል ይልቅ ብዙም ከማይጠቅመው ላይ ያተኩራል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የተሳሳተው ምስክር ላይ ተደግፏል።

በ1991 ሎጋን፣ ላይቭሊና ፒሶኒ አሜሪካ ያሉ ጃፓናውያንን አሠለጠኑ። ዘዴው ቀላል ነው፦ ብዙ ቃላት፣ የብዙ ሰዎች ድምፅ፣ ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ ትክክል ወይም ስህተት። ተሻሻሉ። ፍሬ ነገሩ «የብዙ ሰዎች ድምፅ» የሚለው ነው። በአንድ አስተማሪ ድምፅ ብቻ የተማረ ሰው የሚለምደው አስተማሪውን ነው። ሰው ሲበዛ ግን ከሰው ሰው የማይለወጠው ፍንጭ ብቻውን ነጥሮ ይወጣል።

እንግሊዝኛ የለመደው ልጄን «ውሻውን ልጁ ነከሰው» ስለው ውሻው የነከሰ ይመስለዋል። አማርኛው ደካማ ነው?

ልጁ የእንግሊዝኛ ፍንጭ እየተጠቀመ ነው። እንግሊዝኛ ማን ምን እንዳደረገ የሚናገረው በቃላት ቅደም ተከተል ነው፤ ቀድሞ የመጣው አድራጊ ነው። አማርኛ ዋናውን ሥራ ለ«ን» ሰጥቷታል። «ውሻውን» ካልን ውሻው የትም ይቀመጥ የት ተነካሹ እሱ ነው። ብራያን ማክዊኒ፣ ኤሊዛቤት ቤትስና ራይንሆልድ ክሊግል በ1984 ባወጡት ጥናት ለተለያዩ አገር ሰዎች ግራ የሚያጋቡ ዓረፍተ ነገሮች ሰጡ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ቅደም ተከተልን አጥብቀው ያዙ፣ ትርጉም ባይሰጥም እንኳ። ጣሊያኖቹ የግሡን ስምምነት ተከተሉ። ጀርመኖቹ ነፍስ ያለው የቱ ነው ብለውም አዩ።

እዚህ ምሳሌ ላይ ሌላም ነገር አለ። ውሻ ልጅ ይነክሳል፤ ልጅ ውሻ መንከሱ አልተለመደም። እኛም ለአፍታ ቆም እንላለን። ልጁ ላይ አትቆጡ። «ድመቷን አይጧ አባረረቻት» በሉትና ሥዕሉን ይሣል። የሚያስቅ ነገር ከሆነ «ን»ን መፈለግ በራሱ ይጀምራል።

የባዕድ ቃል ለመሸምደድ የትኛው ዘዴ ይሻላል?

ሁለት አሉ፣ ቢጣመሩ ይሻላል። የመጀመሪያው ድምፁን ከምታውቁት ቃል ጋር አገናኝቶ ሥዕል መፍጠር ነው። በዕብራይስጥ መጽሐፍ «ሴፈር» ይባላል። ቆርቆሮው ሁሉ በተገለጠ መጽሐፍ የተከደነ ሰፈር በዓይነ ሕሊናችሁ ሣሉ። አለቀ። በ1975 ሪቻርድ አትኪንሰንና ባልደረባው 120 የሩሲያ ቃላትን በዚህ መንገድ ያስተማሯቸው ተማሪዎች 72 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ያለ ዘዴው የተማሩት 46 በመቶውን አስታወሱ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ አንድ ፍንጭ ላይ ብዙ አትጫኑ። «ሰፈር» በዓረብኛ ጉዞ ነው። ሁለቱንም ቋንቋ የሚማር ሰው በዚያች አንዲት ሰፈር ላይ መጽሐፉንም ጉዞውንም ከጫነ ሁለቱም ይጠፉታል።

ሁለተኛው ራስን መጠየቅ ነው። በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነበቡ። ገሚሱ ደግሞ አነበበ፣ ገሚሱ ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡት በለጡ፣ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ሳያዩ የጻፉት 56፣ ደግመው ያነበቡት 42። ለፈተና ሌሊቱን ሙሉ ደብተር የሚያገላብጥ ተማሪ «ገብቶኛል» የሚለው በአምስተኛው ደቂቃ ላይ ሆኖ ነው።

ስሙ አፌ ላይ አለ፣ አልመጣ አለኝ። ምን ላድርግ?

ስሙ አልጠፋም። ኤንደል ተልቪንግና ዘና ፐርልስቶን በ1966 እንዳሳዩት «አላስታውስም» ያለ ሰው ትክክለኛው ፍንጭ ሲሰጠው ብዙውን ያወጣዋል። ነገሩ ጓዳ ውስጥ ነው፤ የታጣው መንገዱ ነው። በዚያው ዓመት ብራውንና ማክኒል «አፌ ላይ አለ» የሚሉ ሰዎችን ሲመረምሩ፣ ቃሉን ሳያገኙት የመጀመሪያ ፊደሉን ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ በትክክል ገምተዋል። ስለዚህ ፊደል ቁጠሩ፦ በሀ... በለ... በመ... አንዷ ላይ ሲደርሱ ዱብ ይላል።

ስም ከሥራ ይልቅ ያስቸግራል። ሸማኔ መሆኑን ያወቅነው ሰው መወርወሪያውም፣ ጋቢውም፣ ጉድጓዱም አብረው ይመጣሉ። ስም ግን ምንም አያንጠለጥልም። የእኛ ስሞች ትርጉም ስላላቸው መቅለል ነበረባቸው፤ ግን ደስታ የሚባል ኮስታራ ሰው ያጋጥማልና ትርጉሙን መመልከት ትተናል። የተሳሳተ ስም እየመጣ መንገድ ከዘጋባችሁ ደግሞ ተዉት። እጅ ስትታጠቡ ይመጣል።

ከኩሽና ተነስቼ መኝታ ቤት ስደርስ ለምን እንደመጣሁ እረሳለሁ። ጤና ነው?

አልፎ አልፎ ከሆነ ጤና ነው። ሐሳቡ የታሰበው ኩሽና ውስጥ ነው፤ ፍንጮቹም እዚያው ቀርተዋል። ሽንኩርቱንና ቢላዋውን ዳግም ስታዩ «አዎ፣ ቻርጀር!» ትላላችሁ። መመለስ ከሰለቻችሁ የነበራችሁበትን ቦታ በሐሳብ መሣልም ያግዛል። ፈተና አዳራሽ የሚጨንቀው ተማሪም የሚያጠናበትን ክፍል ዓይኑን ጨፍኖ ቢያስታውስ አይከስርም።

ለዚህ ዘወትር የሚጠቀሰው የጎደንና የባደሊ የ1975 ሙከራ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ 18 ጠላቂዎች ውሃ ውስጥ የተማሩትን ቃል ውሃ ውስጥ፣ መሬት ላይ የተማሩትን መሬት ላይ ሆነው ይበልጥ አስታወሱ። ታሪኩ ይጣፍጣል፣ ግን በልኩ እንውሰደው። በ2021 ተደግሞ ሲሞከር ያው ውጤት አልተገኘም። እነዚያው ተመራማሪዎችም በ1980 ቃሉን አይቶ «ይህ ነበር፣ ይህ አልነበረም» ማለት ላይ ቦታ ለውጥ እንደማያመጣ አግኝተዋል። ምርጫ ፈተና ላይ ፍንጩ ወረቀቱ ላይ አለ፤ የቦታ ፍንጭ የሚፈለገው ባዶ ወረቀት ሲሰጥ ነው።

ስለ ልጅነቴ በአማርኛ ሳወራ በእንግሊዝኛ የማይመጣልኝ ነገር ይመጣል። ይቻላል?

በደንብ። በ2000 ቪዮሪካ ማሪያንና ኡልሪክ ናይሰር ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ሩሲያኛ ተናጋሪ ወጣቶችን አነጋገሩ። በሩሲያኛ ሲጠየቁ ሩሲያኛ እየተናገሩ የኖሩትን ዘመን፣ በእንግሊዝኛ ሲጠየቁ ደግሞ የአሜሪካውን ይበልጥ አስታወሱ። ቋንቋው ራሱ ፍንጭ ነው። አባቶቻችሁን ስለ ድሮ ሰፈራቸው የምትጠይቁ በሜሪላንድም ሆነ በቴል አቪቭ ያላችሁ ልጆች አማርኛችሁ ቢሰባበርም በእሱው ጠይቁ።

ፍንጭ መስጠት ሁልጊዜ ይጠቅማል?

አይጠቅምም፤ ሰው የማያምነኝ እዚህ ላይ ነው። በ1968 ኖርማን ስላሜካ ሰዎችን የቃላት ዝርዝር አስጠናና ለገሚሱ ከዝርዝሩ የተወሰኑትን «ፍንጭ» ብሎ ሰጣቸው። የተሰጣቸው ሰዎች ከቀሪው ያስታወሱት ምንም ካልተሰጣቸው ያነሰ ነበር። የተሰጠው ቃል ራሱ እየተመላለሰ በሩን ይዘጋል።

የሠርግ ጥሪ ዝርዝር ሲወጣ ይህ በዓይን ይታያል። ታላቅ ወንድም ድምፁን ከፍ አድርጎ የአባቱን ወገን ይዘረዝራል፣ ሌላው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይቀራል። በኋላ የተረሳ ሰው ይኮርፋል። ሁሉም መጀመሪያ ለየብቻው ቢጽፍና ከዚያ ቢያገናኝ ስሙ ይበዛል።

ጥያቄ ራሱ ትዝታን ሊለውጥ ይችላል?

ይችላል። በ1974 ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የመኪና አደጋ ፊልም አሳዩ። «መኪኖቹ ሲላተሙ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» የተባሉት በአማካይ በሰዓት 40.8 ማይል አሉ። «ሲነካኩ» የተባሉት 31.8። በሌላ ዙር ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ተባሉ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። «ሲላተሙ» ከተባሉት 50 ሰዎች 16ቱ አየን አሉ፤ «ሲጋጩ» ከተባሉት 50 ደግሞ 7ቱ።

ሰዎቹ አልዋሹም። ግሡን እንደ ፍንጭ ወስደው የጎደለውን ሞሉ፤ የዋረን ሰሚዎች በሳሉ ቦታ «ስ»ን እንደሞሉት ማለት ነው። ልጅ ጉልበቱ ተልጦ ከትምህርት ቤት ሲመጣ «ማን ገፈተረህ?» ያለ ወላጅ ገፍታሪ ይሰጠዋል፣ ከነስሙ። «ምን ሆነህ ነው?» ያለው ምናልባት የጫማው ክር ጠልፎት እንደሆነ ይሰማል።